ያለ ጥፋታቸው የታሰሩ ሰዎች፦ በአሜሪካ ስለ ተሳሳተ ፍርድና ስለ ቆዳ ቀለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። የተበደለ ሰው ይጽናናበታል። እኔም ልጅ ሆኜ ከአያቴ አፍ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ስለ አሜሪካ እስረኞች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አፌ ላይ አይመጣም። ንጋት በራሱ ሰዓት ይመጣል። እውነት ግን የሚለፋላት ሰው ካላገኘች መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሳ ሠላሳ ዓመት ትቀመጣለች።

ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ከቡና ላይ ጨዋታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወሬና ከጓደኞቼ መልእክት ነው የሰበሰብኳቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ኤግዞነሬሽን» ምንድን ነው? ከእስር ከመፈታት በምን ይለያል?

ከእስር ቤት የሚወጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ፍርዱን ጨርሶ የሚወጣ አለ። በአመክሮ የሚወጣ አለ። ምሕረት ተደርጎለት የሚወጣም አለ። አብዛኞቹ ሲወጡ መዝገባቸው ላይ ያለው «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል አብሯቸው ይወጣል። ሥራ ሲያመለክቱ ይከተላቸዋል፤ ቤት ሲከራዩም ይከተላቸዋል።

ኤግዞነሬሽን የሚባለው አዲስ ማስረጃ ተገኝቶ፣ ፍርዱ ተሽሮ፣ ሰውየው ከክሱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሲሆን ነው። የግዛቱ አገረ ገዥ «ይህ ሰው ንጹሕ ነው» ብሎ ይቅርታ ከሰጠም ይቆጠራል። በአማርኛ አንድ ቃል የለንም። «ንጽሕናው ተረጋግጦ ወጣ» ብንል ይበቃል።

ስንት ሰው እንዲህ ወጥቷል?

«ናሽናል ሬጅስትሪ ኦፍ ኤግዞነሬሽንስ» የሚባል የነጻ የወጡ ሰዎች መዝገብ አለ። ሥራ የጀመረው በ2012 ሲሆን ከ1989 ወዲህ በመላው አሜሪካ ነጻ የወጡትን አንድ በአንድ ይመዘግባል። እስከ 2024 ድረስ ከ3,500 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው የታሰሩበት ጊዜ ሲደመር ከ30,000 ዓመት ያልፋል። ከልደተ ክርስቶስ እስከ ዛሬ ያለውን ዘመን አሥራ አምስት ጊዜ ደራርቡት ማለት ነው።

ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ደግሞ ከ1973 እስከ 2024 ድረስ 200 ሰዎች ነጻ ወጥተዋል። ይህ የታወቀው ብቻ ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ሞት ከሚፈረድባቸው መቶ ሰዎች ቢያንስ አራቱ ንጹሐን እንደሆኑ ገምቷል። አራቱ ሁሉ ግን ጠበቃና ዕድል አያገኙም።

የቆዳ ቀለም በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? ወይስ የተጋነነ ነው?

ያመጣል። ያው መዝገብ በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13.6 በመቶ ናቸው። ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ነጻ ከወጡት መካከል ግን 53 በመቶ ናቸው። ንጹሕ ጥቁር ሰው በነፍስ ግድያ በስህተት የሚፈረድበት ዕድል ከንጹሕ ነጭ ሰው ሰባት ጊዜ ተኩል ይበልጣል። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል 19 ጊዜ ይበልጣል። ነጮችና ጥቁሮች ዕፅ የሚጠቀሙት በተቀራረበ መጠን ነው። ልዩነቱ የማን ኪስ እንደሚፈተሽ ነው። መኪናህን በቀን ሦስት ጊዜ ካስቆሙህ አንድ ቀን የሆነ ነገር «ይገኛል»።

ፍርድ ቤቶች ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። በ1987 ዋረን ማክሌስኪ የሚባል የሞት ፍርደኛ ከጆርጂያ ግዛት ተነስቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቆቹ ትልቅ ጥናት አቀረቡ። በጆርጂያ ነጭ የገደለ ሰው ሞት የሚፈረድበት ዕድል ጥቁር ከገደለው ከአራት እጥፍ በላይ እንደሆነ ያሳያል። ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ወሰነበት። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ባንተ ጉዳይ ላይ ሆን ተብሎ አድልዎ መደረጉን አላሳየህም ነው የተባለው። በ1991 የሞት ፍርዱ በማክሌስኪ ላይ ተፈጸመ። ያንን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል ጡረታ ከወጡ በኋላ «ድምፅዎን መቀየር ቢችሉ በየትኛው ጉዳይ ይቀይሩ ነበር?» ተባሉ። የማክሌስኪን ጉዳይ ጠሩ። ሰውየው ግን አንዴ ድምፃቸውን ሰጥተው ነበር።

የዓይን ምስክር እንዴት ይሳሳታል? «በዓይኔ አየሁ» ካለ ምን ይቀራል?

በድሮ ጊዜ በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል። የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ውሸታም አልነበረም። የሚከተለው ሕዝብም ክፉ አልነበረም። አሠራሩ ግን ገና ሲጀመር የተበላሸ ነበር። የፖሊስ የፎቶ መለያም በደንብ ካልተሠራ ከዚያ የራቀ አይደለም።

የቲም ኮልን ታሪክ ልንገራችሁ። ኮል ጥቁር ነው፤ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ፣ በቴክሳስ ላቦክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት። በ1985 አንዲት ተማሪ ተደፈረች። ፖሊስ ፎቶዎች አቀረበላት። የኮል ፎቶ ባለ ቀለም ፖላሮይድ ነው፤ ፊት ለፊት ካሜራውን ያያል። የሌሎቹ እስር ቤት የተነሡ ፎቶዎች ናቸው፤ ፊታቸው ዞሯል። ዓይን የት እንደሚያርፍ እናንተው ፍረዱ። እሷም ኮልን መረጠች።

እንዲህም ሆኖ ልጅቷ የደፈራት ሰው ሲጋራ ከአፉ እንዳልለየ ተናግራ ነበር። ኮል ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ያሠቃየዋል። አያጨስም። ይህች አንዲት ነገር ብቻ ሁሉንም ማቆም ነበረባት። አላቆመችም። 25 ዓመት ተፈረደበት። በኋላም ጥፋቱን ቢያምን በአመክሮ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ያላደረኩትን አላምንም አለ። በ1999 እስር ቤት ውስጥ አስሙ ተነስቶበት ሞተ። 39 ዓመቱ ነበር።

እውነተኛው ወንጀለኛ ከ1995 ጀምሮ «እኔ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ለባለሥልጣናት ይጽፍ ነበር። የሰማው የለም። በ2007 አንዱ ደብዳቤ ኮል ቤተሰብ ቤት ደረሰ። የተጻፈው ለቲም ነበር። እናቱ የልጇን ስም የያዘውን ፖስታ ስታይ ልጇ ከሞተ ስምንተኛ ዓመቱ ነው። በ2009 አንድ ዳኛ ኮል ንጹሕ ነው ብሎ ወሰነ። ተጠቂዋ ራሷ ቆማ መስክራለታለች። ለዚያች ሴት ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ እሷም በዚህ አሠራር ሁለት ጊዜ ነው የተበደለችው።

የራስን ዘር ያልሆነ ፊት ለይቶ ማስታወስ እንደሚከብድ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። አዲስ አበባ ላይ «ቻይናዎች ሁሉ አንድ ይመስሉኛል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዓይን ያልለመደውን መልክ መለየት ይቸግረዋል፤ ይህ በሰው ሁሉ ላይ አለ። በአሜሪካ ግን ይህ ድክመት የሰው ዕድሜ ይበላል።

ንጹሕ ሰው ለምን «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ይላል?

ብዙ ሰው ይህን አያምንም። «እኔ ብሆን ቢቆራርጡኝ አልልም» ይላል። እስቲ ራሳችሁን የ14 ዓመት ልጅ አድርጉ።

በኤፕሪል 1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትሮጥ የነበረች ሴት ተደፍራ፣ ሞት አፋፍ እስክትደርስ ተደብድባ ተገኘች። ፖሊስ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ጥቁርና ላቲኖ ልጆችን ያዘ። ለብዙ ሰዓታት መረመሯቸው። እንቅልፍ የለም። አንዱን «ጓደኛህ ባንተ ላይ መስክሯል» ይሉታል፤ ሌላውንም እንደዚያው። ቃልህን ከሰጠህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ የተባሉ መስሏቸው አራቱ ካሜራ ፊት አመኑ። የአንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር አይገጥምም። የተገኘው ዲኤንኤ ከአምስቱ የማንም አልነበረም። ቢሆንም ተፈረደባቸው።

እኔን የሚያንሰፈስፈኝ ከአምስቱ የአንዱ፣ የኮሪ ዋይዝ ነገር ነው። ፖሊስ የሚፈልገው እሱን አልነበረም። ጓደኛውን የሱፍ ሳላምን ብቻውን እንዳይሄድ ብሎ አጅቦት ነው ጣቢያ የሄደው። 16 ዓመቱ ስለነበር ከአዋቂዎች ጋር ታሰረ፤ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የታሰረውም እሱ ነው። እስር ቤት ውስጥ ከእውነተኛው ደፋሪ ጋር ተገናኘ። ያ ሰው በ2002 እኔ ብቻዬን ነኝ ያደረግኩት ብሎ አመነ። ዲኤንኤውም ገጠመ። የአምስቱም ፍርድ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተሻረ። በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ከፈለቻቸው። የሱፍ ሳላም ዛሬ የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ነው፤ በ2023 ተመርጧል።

እሺ፣ ፖሊስ ሳያስጨንቀው በፍርድ ቤት «ጊልቲ» (ጥፋተኛ ነኝ) የሚለውስ?

ይሄኛው እንዲያውም ይበዛል። በአሜሪካ አብዛኛው የወንጀል ክስ ለሙግት አይደርስም። አቃቤ ሕጉ «ካመንክ ይህን ያህል፣ ከተከራከርክ ያን ያህል» ይላል። ዋስ መክፈል ያልቻለ ሰው አስቡ። ሥራ ሊያጣ ነው። ልጆቹ ሰው እጅ ላይ ናቸው። ቢያምን በጥቂት ሳምንት ይወጣል። ቢከራከር ወራት ይጠብቃል፤ ከተሸነፈ ዓመታት።

በሂዩስተን የሆነውን ተመልከቱ። ፖሊስ መንገድ ላይ በርካሽ የኬሚካል መመርመሪያ የተገኘውን ዱቄት ይፈትሻል። ቀለሙ ከተቀየረ «ዕፅ ነው»። ሰውየው ያምናል፣ ይፈረድበታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ላቦራቶሪው ሲመረምረው ዕፅ አይደለም። በዚህ መንገድ ፍርዳቸው የተሻረላቸው ሰዎች ከመቶ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው።

ቱሊያ የምትባለዋ ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ደግሞ አለች። በጁላይ 1999 በአንድ ንጋት 46 ሰዎች ተያዙ። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ጥቁሮች ናቸው። ቤታቸው ሲፈተሽ ዕፅ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ መሣሪያ የለም። ማስረጃው የአንድ ሰላይ ፖሊስ ቃል ብቻ ነበር። ድምፅ አልቀዳም፣ ቪዲዮ የለውም። ማስታወሻ የምጽፈው እግሬ ላይ ነው አለ። መጀመሪያ የተከራከሩት 90 ዓመትን የመሰለ ከባድ እስራት ሲፈረድባቸው የቀሩት ደንግጠው ማመን ጀመሩ። ከተከሰሱት አንዷ ሸጠች በተባለበት ሰዓት በሌላ ግዛት ባንክ ውስጥ ቼክ ስትመነዝር እንደነበር በባንኩ ሰነድ አስመሰከረች። በ2003 አገረ ገዥው ለ35ቱ ይቅርታ ሰጠ። ሰላዩ ራሱ በ2005 በሐሰት ምስክርነት ተፈረደበት።

ጠበቃ ይመደብለት የለም እንዴ? ጠበቃው ምን ይሠራል?

ይመደብለታል። ከ1963 ወዲህ መብት ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት ጠበቃ የሚለው ነው።

አንቶኒ ሬይ ሂንተን የአላባማ ሰው ነው። በጁላይ 1985 እናቱ ግቢ ሣር ሲያጭድ ፖሊሶች መጡ። በበርሚንግሃም አካባቢ ሁለት የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጆች ተገድለዋል። በሌላ ቀን በሦስተኛው ላይ ተተኩሶበት ተርፏል። የተረፈው ሰው ሂንተንን ለየው። በዚያ ሰዓት ግን ሂንተን የሌሊት ሥራ ላይ ነበር፤ በጥበቃ የሚዘጋ መጋዘን ውስጥ፣ የገባበት ሰዓት ተመዝግቦ። ፖሊስ ከእናቱ ቤት አንድ አሮጌ ሽጉጥ ወሰደ። የመንግሥት ባለሙያዎች ጥይቶቹ የወጡት ከዚህ ነው አሉ። ክሱ የቆመው በዚያ ሽጉጥ ላይ ነው።

ሂንተን እንደሚናገረው መርማሪው መኪና ውስጥ እንዲህ አለው፦ አደረግክም አላደረግክም ይፈረድብሃል። ጥቁር ነህ። ነጭ ይመሰክርብሃል። አቃቤ ሕጉ ነጭ፣ ዳኛው ነጭ፣ ጁሪውም (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) ነጭ ይሆናል።

ይህን የጥይት ነገር ለማፍረስ ጥሩ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። የተመደበው ጠበቃ ለባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ አይፈቀድም ብሎ አመነ። ሕጉ ተቀይሮ ነበር፤ ቢጠይቅ ይፈቀድለት ነበር። አላነበበም። በዚያ ብር የተገኘው አንድ መሐንዲስ ብቻ ነው። አንድ ዓይናው ነው። ማይክሮስኮፑን መጠቀም ቸግሮታል። አቃቤ ሕጉ ፍርድ ቤት ውስጥ ተሳለቀበት። ሂንተን እዚያ ተቀምጦ ይህን ያያል። እኔ ያንን ወንበር ደጋግሜ አስባለሁ። ሞት ተፈረደበት።

በኋላ ብራያን ስቲቨንሰን የሚባለው ጠበቃ ጉዳዩን ያዘ። በ2002 ከአገሪቱ የተመረጡ ሦስት የጦር መሣሪያ ባለሙያዎች ጥይቶቹን ከዚያ ሽጉጥ ጋር ማገናኘት አይቻልም ብለው መሰከሩ። ነገሩ በዚያው ማለቅ ነበረበት። አላባማ ግን ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ተከራከረች። በዚያው በ2002 እናቱ ሞተች። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የሂንተን ጠበቃ ግዴታውን አልተወጣም አለ። በኤፕሪል 3 ቀን 2015 ወጣ። ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሠላሳ ዓመት።

ልብ በሉ፤ እውነቱ የታወቀው በ2002 ነው። በሩ የተከፈተው በ2015።

ጁሪው ሁሉ ነጭ የሚሆነው እንዴት ነው? ሕግ አይከለክልም?

ከ1986 ጀምሮ ሰውን በቆዳው ቀለም ብቻ ከጁሪ ማባረር ክልክል ነው። ነገር ግን አቃቤ ሕጉ ሌላ ምክንያት ከሰጠ ብዙ ጊዜ ያልፍለታል። «ዓይኔን አላየም»፣ «የተከሳሹን ሰፈር ያውቃል» ይበቃል።

ከርቲስ ፍላወርስ በሚሲሲፒ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር አራት ሰዎች በ1996 በመገደላቸው ተከሰሰ። በአንድ አቃቤ ሕግ ስድስት ጊዜ ነው የተሟገተው። በስድስቱ ችሎቶች ሁሉ ሊያባርራቸው ይችል ከነበሩ 42 ጥቁር የጁሪ ዕጩዎች 41ዱን አባርሯል። በስድስተኛው ላይ የተባረሩ አምስት ጥቁሮችን በድምሩ 145 ጥያቄ ጠይቋል። የተቀመጡትን 11 ነጮች ደግሞ በድምሩ 12 ጥያቄ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ፍርዱን ሻረው። በ2020 ክሱ ተቋረጠ።

ነጭስ ያለ ጥፋቱ አይታሰርም?

ይታሰራል። ማይክል ሞርተን ነጭ ነው። ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ በቴክሳስ 25 ዓመት ገደማ ታሰረ። በ2011 ዲኤንኤ ነጻ አወጣው። የሦስት ዓመት ልጃቸው «ጭራቅ መጥቶ ነው፤ አባቴ ቤት አልነበረም» ማለቱ በፖሊስ መዝገብ ላይ ነበር። ለጠበቆቹ አልተነገራቸውም። አሠራሩ የሁሉም ጠላት ነው። ጥቁር ላይ ሲደርስ ክንዱ ይከብዳል እንጂ።

ዲኤንኤ መጣ አይደል? ችግሩ አልተፈታም?

አልተፈታም። በመዝገቡ ካሉት ነጻ የወጡ ሰዎች በዲኤንኤ የወጡት ከሩብ በታች ናቸው። በጥይት የተገደለ ሰው አጠገብ ብዙ ጊዜ የገዳዩ ዲኤንኤ አይገኝም። ሲገኝም ዕቃው ይጠፋል፣ ይጣላል።

ማስረጃ የደበቀው አቃቤ ሕግ ይጠየቃል?

በጣም አልፎ አልፎ። ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ መስጠት ከ1963 ወዲህ ግዴታ ነው። ግን በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቃቤ ሕግ በችሎት ሥራው ምክንያት በካሳ እንዳይከሰስ ከለላ ሰጠው። በሞርተን ጉዳይ የነበረው አቃቤ ሕግ በኋላ ዳኛ ሆኖ ነበር። በ2013 አሥር ቀን እስራት ተወሰነበት። አሥር ቀን፤ ለሃያ አምስት ዓመት። ይህችም እንደ ትልቅ ነገር ተወራች፤ እንዲህ ያለ ቅጣት ስለማይታይ።

ሲወጡ ካሳ ያገኛሉ?

እንደ ግዛቱ ነው። የፌዴራል ሕጉ ለአንድ ዓመት እስር እስከ 50,000 ዶላር፣ በሞት ፍርድ ለቆዩበት ዓመት እስከ 100,000 ይላል። ቴክሳስ ለዓመት 80,000 ትከፍላለች፤ ሕጉ የተሰየመው በቲም ኮል ስም ነው። ሚዙሪ ግን ኬቨን ስትሪክላንድን ከ40 ዓመት በላይ አስራ በ2021 ስትለቀው ምንም አልሰጠችውም። በዲኤንኤ ስላልወጣ ሕጉ አይመለከተውም። ሕዝቡ ነው በኢንተርኔት አዋጥቶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰጠው። ኦክላሆማ ውስጥ ግሊን ሲመንስ 48 ዓመት ታስሮ ሲወጣ ግዛቱ ቢበዛ የሚከፍለው 175,000 ነበር።

ግሌን ፎርድ ሉዊዚያና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሞት ፍርድ ቆየ። የፈረደበት ጁሪ በሙሉ ነጭ ነበር። ዋና ጠበቃው የነዳጅና ጋዝ ሕግ ባለሙያ እንጂ ጁሪ ፊት ቆሞ አያውቅም። በማርች 2014 ሲወጣ 20 ዶላር ተሰጠው። ካሳ ሲጠይቅ ተከለከለ። በሳንባ ካንሰር ታሞ በ2015 ሞተ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የከሰሰው አቃቤ ሕግ ማርቲ ስትራውድ በጋዜጣ ግልጽ ይቅርታ ጻፈ፤ ከእውነት ይልቅ ማሸነፍ ያስጨንቀኝ ነበር ብሎ አመነ። ፎርድ ቤት ድረስ ሄዶም ይቅርታ ጠየቀ። ፎርድ ይቅር ማለት አልችልም አለው። እኔ አልፈርድበትም።

እኛን ሀበሾችን ምን አገባን?

ፖሊስ መኪና ሲያስቆም «ከየት አገር ነህ?» ብሎ አይጀምርም። ከሩቅ የሚያየው ቆዳችንን ነው። በዚህ ላይ የራሳችን ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ።

አንደኛው «እሺ» የምትለው ቃል ናት። አንድ ጊዜ አጎቴን ለትራፊክ ቅጣት ፍርድ ቤት ይዤው ሄድኩ። አስተርጓሚ አልነበረም። ዳኛዋ በተናገረች ቁጥር አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት» ይላል። እሱ «እየሰማሁ ነው፣ አከብርሻለሁ» ማለቱ ነው። እነሱ ግን «አዎ፣ አምኛለሁ» ብለው ነው የያዙት። የኔ አጎት ጉዳይ በገንዘብ አለቀ። የነፍስ ክስ ቢሆን ኖሮስ? ስለዚህ እንግሊዝኛ ትንሽ ብትችሉም አስተርጓሚ ጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለ የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዘመድ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ዝም የማለት መብትም አለ። ግን ከ2010 ወዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ በቃል መናገር ያስፈልጋል። «መናገር አልፈልግም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» በሉ። ነውር አይደለም፤ ፖሊሱን መናቅም አይደለም።

ሁለተኛው የመኖሪያ ወረቀት ነው። ዜግነት ያልያዘ ሰው ለመገላገል ብሎ «ጊልቲ» ቢል ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሏል። ጠበቃው ካልነገራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እናንተ ጠይቁት። የውጭ ዜጋ ሲታሰር ኤምባሲው እንዲያውቅ የመጠየቅ መብትም አለው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ይህን ላይፈልግ ይችላል፤ ምርጫው የራሱ ነው።

ዘመዴ ያለ ጥፋቱ ታስሯል ብዬ አምናለሁ። ከየት ልጀምር?

ከወረቀት። የችሎቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የይግባኝ ውሳኔውን ሰብስቡ። ቀኖቹን ጻፉ። የግዛት ይግባኝ ካለቀ በኋላ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ በመሠረቱ አንድ ዓመት ነው። ብዙ ሰው እያለቀሰ ያሳልፈዋል። በየግዛቱ ንጹሐንን የሚረዱ ድርጅቶች አሉ፤ የታወቀው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት በ1992 በኒውዮርክ የተቋቋመ ነው። እነዚህ በነጻ ነው የሚሠሩት። ወረፋው ረጅም ነው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በአንዳንድ የአቃቤ ሕግ ቢሮዎችም የድሮ ፍርዶችን እንደገና የሚያይ ክፍል አለ፤ ዳላስ በ2007 ከጀመሩት ቀዳሚዎች ናት። «በሦስት ወር አስወጣልሃለሁ፣ መጀመሪያ ክፈል» ከሚል ሰው ራቁ።

የጁሪ ጥሪ ደብዳቤ መጣልኝ። እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ ልቅር?

ይህን ጥያቄ ዜግነት የወሰዱ ሰዎች በየጊዜው ይጠይቁኛል። በእውነት ካልቻላችሁ ሌላ ነገር ነው። ግን ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ከባንክ ጋር የተከራከረ ሰው እንግሊዝኛ አልችልም ሲል ይከፋኛል። ፍላወርስን አስታውሱ። አቃቤ ሕጉ ጥቁሮቹን ለማስወጣት ያን ሁሉ ጥያቄ ደክሞ ነው የጠየቀው። እኛ በፈቃዳችን ከቀረን አንድ ጥያቄ እንኳ አይደክምም።

ደብዳቤው ላይ የሚያስፈራ ነገር የለም። የተጠራችሁበት ቀን፣ የፍርድ ቤቱ አድራሻና የእናንተ የጁሪ ቁጥር ነው ያለው። በብዙ ቦታ ከዋዜማው ማታ ደውሎ ወይም ድረ ገጹን አይቶ ቁጥሩ መጠራቱን ማረጋገጥ ይቻላል። አሠሪያችሁ በዚህ ምክንያት ሊያባርራችሁ አይችልም። መታወቂያ ያዙ። መጽሐፍ ወይም የሚነበብ ነገር ያዙ፤ መጠበቁ ይረዝማል። ስማችሁን ሲጠሩ አጠራሩን ያበላሹታል፤ «አለሁ» በሏቸው።